ሟች የሚጠራበት ችሎት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከአክስቴ ጋር አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታለች። መጥሪያዋንና የቀበሌ ወረቀቶቿን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ችሎት አስከባሪዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ስም ትጣራለች። ከሳሽ እገሌ። ተከሳሽ እገሌ። የሟች እገሌ ወራሾች። አሁንም የሟች እገሊት ወራሾች።

ከዚያን ቀን በፊት ልብ ብዬው አላውቅም፤ መሬት ከተወደደ ወዲህ የዚህ አካባቢ ችሎት ትልቁ ባለጉዳይ ሟች ሆኗል። ከገርጂ እስከ ቡልቡላ፣ ከኮተቤ እስከ ሰሚት፣ አባቶች እህል ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ ያበቅላል። አባት ሲሞት ወንድማማቾች ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው ጠበቃ ቢሮ ይገባሉ። ሟች አይቀርብም፣ አይምልም፣ መልስ አይሰጥም። ግን የእሱ ስም ሳይጠራ ጉዳዩ አይጀመርም።

የእኛም ጉዳይ ይኸው ነው። አያቴ የተዉት አንድ ቤት፣ አራት ወራሾች። ሦስቱ አሉ። አራተኛው፣ የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ በ1970 ዓ.ም. አንድ ምሽት ራት ሳይበላ ከበር ተጠርቶ ወጣ። በዚያው ቀረ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወረቀቱን እያገላበጠች ስትጠይቅ ክፋት አልነበረባትም፤ ሥራዋ ነው።

“የአራተኛው ወራሽ የሞት ማስረጃ የታለ፣ እማማ?”

አክስቴ ፌስታሉን ከፈተች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ መልሳ ቋጠረችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ሌላ ሥራም ነበረብኝ። አዘጋጃችን “ጋኔን አለበት የሚባል አሮጌ ፍርድ ቤት ፈልግና ጻፍ” ካለኝ ወር ሊሞላ ነው። ቦሌን ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ቦሌ ለዚህ የምትሆን ሰፈር አይደለችም። ሕንጻዎቿ ገና ልጆች ናቸው። ፍርድ ቤት የተባለው ሁሉ አሳንሰር ያለው መስታወት ለበስ ፎቅ ነው፤ ሥሩ ካፌ፣ ጎኑ ባንክ። ጋኔን ቢመጣ እንኳ መኪና ማቆሚያ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ በር ጠባቂ ነገርኳቸው። ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። በአገጫቸው ወደ ሕንጻው ጠቆም አደረጉና “ይሄማ ጨቅላ ነው፤ ማን ያድርበታል?” አሉኝ። ቀድሞ የጠበቁት ግን መሀል ከተማ የነበረ አሮጌ ፍርድ ቤት ነበር። እዚያ ሌሊት ስም ይጠራል። ልክ እንደ ቀኑ፣ ሦስት ጊዜ። “አቤት” ያለ ጠባቂ ታሞ ይከርማል።

“ጋሼ፣ እርስዎን ጠርቶዎት ያውቃል?”

“እኔ ምን አውቄ፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ስም ቢጠራም ለባለጉዳዩ ነው እንጂ ለዘበኛ አይደለም።”

አጠገቤ የቆመችው አክስቴ ሰማች። ሳቅ አላለችም። “ያልቀረበ ሰው ይሆናላ የሚጠራው” አለች።

ከዚያች ቃል በኋላ አሮጌ ሕንጻ መፈለጌን ተውኩት።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ “ሰይጣን ቤት” ብሎ የሰየመው ሕንጻ ነበረ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ። ፍርድ ቤት ግን አልነበረም። ሲኒማ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ፈረስና የሚስቅ ፈረንጅ ያየ የዚያ ዘመን ሰው ሌላ ምን ስም ያውጣለት? ፍርድ ቤትን ሰይጣን ቤት ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ምክንያቱ ያለ ይመስለኛል። የእኛ ሰው ፍርድን ከቤትና ከግድግዳ ጋር ያያያዘው በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ችሎት ዛፍ ሥር፣ መንገድ ዳር፣ የአለቃ ደጅ ላይ ይዋል ነበር። መንፈስም ካደረበት ያደረው በቃሉ ውስጥ ነው።

“በሕግ አምላክ!” የሚለውን ውሰዱ። ዛሬም ታክሲ ላይ ጠብ ሲነሣ የሚጮህ ሰው አይጠፋም። ይህን ቃል የሰማ ሰው ድሮ ባለበት ይቆማል፤ የሰነዘረውን ዱላ ያወርዳል። መንገደኛውም ተለምኖ ለጊዜው ዳኛ ይሆናል። ፖሊስ የለ፣ ካቴና የለ፣ የሚይዘው አንድ የማይታይ ባለቤት ያለው ቃል ብቻ ነው። ካልተስማሙ ደግሞ ቁራኛ ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ይበሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ባላንጣህን ታቅፈህ ማደር ከየትኛውም ጋኔን የሚብስ ይመስለኛል።

ሌባሻይ ግን ከሁሉም ይልቃል። ድሮ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ፈላጊውን ሌባሻይ ያስጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡን በገመድ ይታሰራል፣ ከዚያ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም በአራት እግሩ እየዳኸ፣ መንደሩን ያቋርጣል። ከወደቀበት ቤት ባለቤት የጠፋው ይጠየቃል። ምስክር አይሰማም፣ መከላከያ አይቀርብም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መንግሥት ሲነቅፈውና ሲከለክለው ብዙዎች እፎይ ብለዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አድርገው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፍርድን ከማይታየው እጅ አውጥቶ ወደ ወረቀት የማስገባት ታሪክ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ዳኛው ካባ ለበሰ፣ መዝገብ ቤት ተሠራ።

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” ይሉ ነበር አያቴ። ትልቁን ነገር በፍርድ ማጣት ይቻላል፤ ያለ ፍርድ የተወሰደች ቁራሽ ናት የምትቆጠቁጠው ማለታቸው ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ የሄደው ግን ሰው ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ወር 60 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ከርቸሌ ግቢ ውስጥ፣ በተለምዶ “ዓለም በቃኝ” በሚባለው ወኅኒ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። አፈ ንጉሥ አበጀ ደባልቅም ነበሩበት። አፈ ንጉሥ ማለት በንጉሡ ስም የሚፈርድ የዳኞች አለቃ ማለት ነው። በማግሥቱ ሬዲዮ የተናገረው ፖለቲካዊ ውሳኔ መሰጠቱን ነው። ክስ አልተነበበም፤ የዳኞች አለቃውም ዳኛ ፊት አልቀረቡም። ዓለም በቃኝ ዛሬ የለም። ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በ2004 ዓ.ም. ተመርቆበታል።

ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ተማሪው ወረደ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ቦታ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን መሬት ላይ ፈጠፈጡ። ቀይ ሽብር በይፋ የታወጀበት ቀን ተብሎ ይታወሳል። “ነፃ እርምጃ” የሚባል ነገር መጣ። ቀበሌ ያስራል፣ ቀበሌ ይመረምራል፣ ቀበሌ ይገድላል። አስከሬን ጎዳና ላይ ተጥሎ ወረቀት ይለጠፍበታል። ማልቀስ ተከለከለ። ልጁን ለመቅበር የጥይት ዋጋ የተጠየቀ አባት ነበር። የአክስቴ ወንድም የተጠራው በዚህ ጊዜ ነው። እሱ ግን ጎዳና ላይ አልተገኘም።

እንደ እሱ ያልተገኙትን ሰዎች ፍለጋ፣ አስፋልቱን ተከትዬ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። መገናኛ ላይ ረዳቱ “ኮተቤ፣ ካራ! ኮተቤ፣ ካራ! የሞላ!” ይላል። ላምበረትን አለፍን፤ ወሰን ደረስን። ኮተቤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የጀበና ቡና፣ የብሎኬት ማምረቻ ሰፈር ነው። በሚኒባሱ ውስጥ ከነበሩት መካከል ለምን እንደመጣሁ ቢጠየቁ የሚገምት የሚኖር አይመስለኝም።

በ1986 ዓ.ም. ኮተቤ ውስጥ መሬት ተቆፈረ። የቆፈሩት ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት ምርመራ ባለሙያዎች ናቸው። የእነሱም አገር ወታደራዊ መንግሥት አልፎበታል፤ ልጆቻቸው ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ክላይድ ስኖው የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ወጣት የቦነስ አይረስ ተማሪዎችን አሰልጥኖ ቡድኑን አቋቋመ። የጅምላ መቃብርን በአካፋ ሳይሆን በብሩሽ መክፈት ልማዳቸው ነው። እያንዳንዱ አጥንት ከመነሣቱ በፊት ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ ጫማ ሳይቀር። የደርግ ባለሥልጣናትን ለመክሰስ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕጋችን ጠርቷቸው መጡ። ኮተቤ ላይ የ30 ሰዎችን አፅም አወጡ። አንገታቸው ላይ የናይለን ገመድ ነበር። ሥጋው አልቋል፤ ገመዱ አላለቀም። ናይለን አይበሰብስም።

ቋጠሮው ታንቀው እንደሞቱ ተናገረ። ሟች ቀርቦ ምስክርነት መስጠት ማለት ይኸው ነው፤ የበር ጠባቂው ጋሼ የሚፈሩት ዓይነት ጥሪም አይደለም። በስም ጠርቶ፣ በቁጥር መዝግቦ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚጠይቅ ጥሪ ነው።

ልዩ ዐቃቤ ሕግ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ነው። የደርግ ቢሮክራሲ ገዳይ ብቻ ሳይሆን ጸሐፊም ስለነበር ሥራው ቀላል ሆኖለታል ማለት ይቻላል። ማን እንዲገደል እንደታዘዘ፣ ማን እንደፈጸመ፣ በማኅተምና በፊርማ የተቀመጠ ነበር፤ የተሰበሰበው ሰነድ ከ300 ሺህ ገጽ በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የመጀመሪያው ችሎት ተሰየመ። በጠቅላላ 5,198 ሰዎች ተከሰሱ፤ ከግማሽ በላዩ በሌሉበት። ክሱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ጭምር ይዟል፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ታንቀው ተገደሉ ይላል። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ያኔ ችሎቱ ገና አላለቀም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ መጀመሪያ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። ያጸደቀችውንም ከስምንት ዓመት በኋላ በራሷ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 281፣ አስገባችው። ዓለም አቀፉ ስምምነት ብሔርን፣ ጎሣን፣ ዘርንና ሃይማኖትን ይጠብቃል። የእኛው አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንንም ጨመረ። ንጉሣዊው መንግሥት ይህን ሲጽፍ ቀይ ሽብር ስለሚያሳድዳቸው የኢሕአፓ ፓርቲ ልጆች ሊያስብ አይችልም፤ ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ነበሩ ወይም አልተወለዱም ነበር። ያ አንቀጽ ግን በ1987 ዓ.ም. ችሎቱን ሲጠብቅ ተገኘ። የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ክርክር ከመስማቱ ሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ የራሷን መሪዎች በራሷ ዳኞችና በራሷ ሕግ በዘር ማጥፋት መክሰስ ጀመረች።

ነገሩ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። ከተከሳሾች ፍርድ ሳይሰሙ የሞቱ ነበሩ፤ ከከሳሽ ወገንም ልጃቸውን ማን እንደገደለ ሳይሰሙ ያለፉ እናቶች ብዙ ናቸው። በዚህ እቆጫለሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርዱ ሲነበብ በአብላጫ ድምፅ ነበር። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ተለይተዋል። የፖለቲካ ቡድንን የሚመለከተው የአንቀጹ ክፍል በደርግ ዘመን በወጣ ሕግ ተሽሯል የሚል ነበር ክርክራቸው። እኔ ከአብላጫው ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ያ የልዩነት ሐሳብ በመዝገቡ ውስጥ መቀመጡ ደስ ይለኛል። በ1967ቱ ሌሊት ማንም የልዩነት ሐሳብ አላስመዘገበም።

ጥር 3 ቀን በዋነኞቹ ተከሳሾች ላይ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በ18 ባለሥልጣናት ላይ ሞት ፈረደ። አገር ውስጥ ለነበሩት በ2003 ዓ.ም. ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ እንደወጡ ናቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ አክስቴን ይዤ ወደ ቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄድኩ። የቦሌ መንገድ ከመስቀል አደባባይ በሚነሣበት ጥግ ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት የመረቁት በአንድ ቀን አራት ልጆቻቸውን ያጡ እናት ናቸው። ደጁ ላይ ሦስት የሚያለቅሱ ሴቶች ሐውልት አለ። አክስቴ ከሐውልቱ ፊት ቆማ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች፤ አልገባም ትላለች ብዬ ፈራሁ። ገባች።

ያስጎበኙን ሰው ራሳቸው በዚያ ዘመን የታሰሩ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ክፍሉ ውስጥ ፎቶዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ቁም ነገረኛ ፊት። አክስቴ በየረድፉ ቆመች። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። የለም። ከዚያ አፅሞቹ ወዳሉበት የመስታወት መደርደሪያ ደረስን። የራስ ቅል፣ የክንድ አጥንት፣ የተቀዳደደ ልብስ፣ ገመድ። እኔ ዓይኔን መለስ አደረግሁ። አክስቴ ግን ጎንበስ ብላ ጥርስ ጥርሳቸውን ትመለከት ነበር።

“ምን ትፈልጊያለሽ፣ እትዬ?”

“የፊት ጥርሱ እኩሌታው የለም። ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ነው የሰበረው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።”

ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያስጎበኙን ሰውዬ ወደ እሷ ዞሩና “ሌላስ ምልክት ነበረው?” አሏት። ግራ ክንዱ ተሰብሮ በወጌሻ የተጠገነ ነው፤ ትንሽ ጠመም ይላል። የወጣ ቀን እሷ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ሦስተኛው ቁልፍ ከሌላ ኮት የተወሰደ ስለነበር ቀለሙ አይመሳሰልም። ለአርባ ምናምን ዓመት የሚጠይቃት ጠፍቶ ነው እንጂ ሁሉንም ታውቀዋለች።

ለጠበቃችን ነገርኩት። እሱ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ያገባኛል የሚል ሁሉ መጥፋቱ እንዲወሰንለት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ውርሱ ይከፈታል፤ ቤቱም ለአራት ይካፈላል ወይም ለሦስት። የሞት ማስረጃ አይጠየቅም። አክስቴ ሰምታ “ጠፍቷል አልልም፤ ወስደውታል እንጂ” ብላ ትንሽ ከረመች። በመጨረሻ ፈረመች። ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቶናል።

እናንተም ቤት እንዲህ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ይኖር ይሆናል። አፅም የሚለየው በሕይወት ያሉ ሰዎች በሚያስታውሱት ነገር ጭምር ነው፤ የአርጀንቲናዎቹም ሥራ የሚጀምረው ከቤተሰብ ጥያቄ ነው። እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ትልቁን ወንድማችሁን ዛሬ ማታ ጠይቁ። የቱ ጥርሱ ተሰብሮ ነበር? የቱ ክንዱ? ቁመቱ ከማን ጋር ይተካከላል? የወጣ ቀን ምን ለብሶ ነበር? ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ ቀን ጻፉበት፣ የተናገረውን ሰው ስም ጨምሩ፤ ፎቶ ካለም ከጀርባው ሙሉ ስሙን እስከ አያት ጻፉበት።